ሚስ ሲልቪያ ፓንክኸርስትና ጋዜጣቸው

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በማርሻል ባዶሊዮ መሪነት አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ዕለት፣ ከአዲስ አበባ እጅግ ርቆ በሚገኘው በሎንዶን ከተማ፣ አንድ አዲስ ሳምንታዊ ጋዜጣ ለአንባቢ ወጣ። ስሙ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮፕያ ኒውስ» ሲሆን ትርጓሜው «አዲስ ዘመንና የኢትዮጵያ ዜና» ማለት ነው። ታላላቆቹ መንግሥታት የኢትዮጵያ ነገር አበቃለት ብለው መዝገባቸውን በሚዘጉበት ሰዓት ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ መጀመር ለብዙ ሰው የከንቱ ድካም መስሎ ሳይታይ አልቀረም። ጋዜጣውን ያቋቋሙት ሚስ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናቸው። ያ ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 5 ነው፤ እርሳቸውም በ1882 የተወለዱት በዚሁ በሜይ 5 ቀን ስለሆነ፣ አዲስ አበባ በጠላት የተያዘችበት ዕለት የ54ኛ ዓመት ልደታቸው ነበረ። ከአምስት ዓመት በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻ ከተማቸው የተመለሱት በዚሁ በሚያዝያ 27 ቀን እንደ ሆነ አንባቢ ሁሉ ያውቃል።

ዛሬ ሴት በቴሌቪዥን ቀርባ ዜና ብትናገር የሚደነቅ ሰው የለም። ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ሚስ ሲልቪያ ካረፉ 4 ዓመት ሆኗቸው ነበር። የእርሳቸው ዘመን የወረቀትና የእርሳስ ፊደል ዘመን ነው። ነገር ግን ሴት የወሬ ባለቤት ሆና፣ መንግሥት የሚሸሽገውን ለሕዝብ ስትገልጥ ምን እንደሚደርስባት ለማወቅ ከእርሳቸው ታሪክ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። (ከዚህ በታች የእንግሊዝ አገሩ ነገር በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያው ነገር በዓመተ ምሕረት ተጽፏል።)

ሚስ ሲልቪያ የተወለዱት በማንችስተር ነው። አባታቸው ዶክተር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ጠበቃ ነበሩ፤ በ1898 ሞቱ። ልጃቸው ከሁሉ አስቀድመው የወደዱት የሥዕልን ጥበብ ነበረ። በማንችስተር የሥዕል ትምህርት ቤት ተምረው፣ በ1902 በሽልማት ወደ ቬኒስ ተልከው፣ በኋላም በሎንዶን በንጉሣዊው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ገብተው ነበር። በዚያው ጸንተው ቢቀመጡ ኖሮ እንጀራቸውም ስማቸውም በሥዕል በሆነ ነበር። ነገር ግን እናታቸው ወይዘሮ ኤመሊንና ታላቅ እኅታቸው ክሪስታቤል በ1903 ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገል ማኅበር ስላቋቋሙ፣ ሲልቪያ ቀለማቸውን መጀመሪያ ለማኅበሩ ዓርማና ባንዲራ አዋሉት፤ ቀጥሎም ፈጽመው ተዉት። በሥራቸው ምክንያት ያጡት ነገር ሲቆጠር ሥዕላቸው የመጀመሪያው ነው።

በ1906 ለመጀመሪያ ጊዜ ታሰሩ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደ ታሰሩ መዘርዘር አንባቢን ማሰልቸት ይሆናል። በ1913 ግን በሆሎወይ ወኅኒ ቤት ምግብ አልበላም ብለው በአደሙ ጊዜ፣ አፋቸው በብረት እየተከፈተ በቱቦ ምግብ እንዲገባባቸው ተደርጓል። እህልና ውሃም እምቢ ብለው፣ በክፍላቸው ውስጥ እስኪወድቁ ድረስ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ ከርመው ተፈቱ። በዚያው ዓመት አንድ ሕግ ወጣ፤ በረኃብ የደከመችውን እስረኛ ይለቅና ጥቂት ስታገግም መልሶ ይይዛታል። ሕዝቡ «የድመትና የአይጥ ሕግ» ብሎ ጠራው፤ ሲልቪያም በዚህ ሕግ ብዙ ጊዜ ተመላለሱበት። በጁን 1914 ከወኅኒ እንደ ወጡ በቃሬዛ ተይዘው ወደ ምክር ቤቱ ደጅ ሄዱ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የድኾቹን ሴቶች መልእክተኞች ካልተቀበለ በዚያው በደጁ ጾሜ እሞታለሁ ስላሉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር አስኲት ሴቶቹን ለመቀበል ተስማማ።

ጋዜጠኝነታቸው የተጀመረው በዚሁ መካከል ነው። የሎንዶን ምሥራቃዊ ክፍል የድኻ ሠራተኞች ሰፈር ነው። ሚስ ሲልቪያ በዚያ ሰፈር ተቀምጠው በማርች 1914 «የሴቶች ድሬድኖት» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ አቋቋሙ፤ ድሬድኖት ማለት የሚያስፈራው የሌለ ማለት ሲሆን በዚያ ዘመን የታላቅ የጦር መርከብ ስም ነበረ። ጋዜጣው በወይዘሮዎች ቤት ስለሚነገረው ሳይሆን፣ በልብስ ማጠቢያና በፋብሪካ ስለሚውሉት ሴቶች ደመወዝ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ወተት ዋጋ ይጽፍ ነበር። ሴቶቹም ያዩትንና የደረሰባቸውን ራሳቸው እንዲጽፉበት ይጋበዙ ነበር።

ጋዜጣው ከመውጣቱ ጥቂት ሳምንት አስቀድሞ ግን ሌላ ነገር ሆኗል። ሲልቪያ በጃንዩዌሪ 1914 ወደ ፓሪስ ተጠሩ። በዚያ በስደት ይኖሩ የነበሩት እኅታቸው ክሪስታቤል፣ እናታቸው ባሉበት፣ ከማኅበሩ መለየት እንደሚገባቸው ነገሯቸው። ጥፋታቸው ከድኻው ወገን ጋር ማበራቸውና በራሳቸው ሐሳብ መሄዳቸው ነበረ። በዚያው ዓመት ታላቁ ጦርነት ሲነሣ እናትና ታላቅ ልጅ የጦርነቱ ደጋፊዎች ሆኑ፤ ሲልቪያ ግን በጋዜጣቸው ጦርነቱን ተቃወሙ። በ1916 ወይዘሮ ኤመሊን ከአሜሪካ በቴሌግራም የልጃቸውን አድራጎት አጥብቀው እንደሚነቅፉ፣ ስማቸውንም እንዳትጠቀምበት ለመከልከል ባለመቻላቸው እንደሚያዝኑ ለዓለም አስታወቁ። እናት ልጇን በቤት ውስጥ ብትገሥጽ የተለመደ ነገር ነው፤ በቴሌግራም መካድ ግን ከወኅኒው ቱቦ የሚብስ ሳይሆን አይቀርም።

በ1917 ስሙ «የሠራተኞች ድሬድኖት» የተባለው ይህ ጋዜጣ፣ የጦር መኰንኑና ባለቅኔው ዚግፍሪድ ሳሱን ጦርነቱን በመቃወም የጻፈውን ቃል አወጣ። ክላውድ ማኬይ የተባለውን የጃማይካ ባለቅኔም በጋዜጠኝነት ቀጠሩት፤ በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው በእንግሊዝ ጋዜጣ ቤት ተቀምጦ ሲጽፍ ማየት እንግዳ ነገር ነበረ። በ1920 በጋዜጣው በወጡ ጽሑፎች ምክንያት ሕዝብንና ወታደርን ለዓመፅ አነሣሥተዋል ተብለው ስድስት ወር ተፈረደባቸው። ከወኅኒ ሲወጡ የገዛ ጓደኞቻቸው ጠበቋቸው፤ የእንግሊዝ ኮሙኒስት ፓርቲ ጋዜጣውን አስረክቢ አላቸው። እምቢ ስላሉ በ1921 ተባረሩ። ከዚህ ላይ የሴቲቱ ጠባይ በግልጥ ይታያል፤ እናታቸውን የተዉበት ምክንያትና ፓርቲያቸውን የተዉበት ምክንያት አንድ ነው። ብዕራቸውን ለማንም አላስያዙም።

ጋዜጣው በ1924 ሲቆም ሚስ ሲልቪያ ሲልቪዮ ኮሪዮ ከሚባል ስደተኛ ኢጣልያዊ ጋር በሎንዶን ዳርቻ በዉድፎርድ ይኖሩ ነበር። ኮሪዮ የማተሚያ ሥራ ዐዋቂና ጸሐፊ ነበረ። በዲሴምበር 1927 ሪቻርድ የተባለ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ የ45 ዓመት ሴት ነበሩ። በሕግ አልተጋቡም፤ ሲልቪያም የባል ስም አልወስድም አሉ። የዚህን ጉዳይ ነቀፌታ ለአንባቢ መተው ይሻላል፤ ታሪክ ጸሐፊ ሊለው የሚገባው የደረሰውን ነው። ወይዘሮ ኤመሊን በዚያን ጊዜ የወግ አጥባቂዎች ፓርቲ እጩ ሆነው ለምክር ቤት ይወዳደሩ ነበር። ወሬውን በሰሙ ጊዜ ልጃቸውን ዳግመኛ ለማየት አልፈቀዱም። በጁን 14 ቀን 1928 ሞቱ፤ እንግሊዛውያን ሴቶች ከወንዶች እኩል እንዲመርጡ የሚያደርገው ሕግ የጸደቀው ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ነው። በእናትና በልጅ መካከል ዕርቅ አልወረደም።

ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ ሲልቪያ የፋሽስትን ነገር ከባዕድ መጽሐፍ ሳይሆን ከቤታቸው ያውቁት ነበር። ኮሪዮና የኮሪዮ ወዳጆች በሙሶሊኒ ምክንያት አገራቸውን ያጡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በኅዳር 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት በተነሣ ጊዜ ወዲያው ለየጋዜጣው ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። የሚጽፉት ደብዳቤ አንዳንዱ ይታተማል፣ ሌላው ይጣላል፤ በሰው ጋዜጣ ደጅ መጥናት ስለ ሰለቻቸው የራሳቸውን አቋቋሙ።

የዝግጅቱ ሥራ የሚካሄደው በዉድፎርድ መኖሪያ ቤታቸው ነው። ኮሪዮ ገጹን ያሰናዳል፣ በብዕር ስምም ይጽፋል፤ ሲልቪያ ሌሊቱን ሲጽፉ ያድራሉ፤ ሕፃኑ ሪቻርድ በጋዜጣ ክምር መካከል ያድጋል። ገንዘቡ ከአንባቢዎች መዋጮና ከበጎ አድራጊዎች እየተለመነ ይገኝ ነበር እንጂ ትርፍ የሚባል ነገር አልነበረበትም። በሎንዶን የኢትዮጵያ መልእክተኛ የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ረድተዋቸዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በሎንዶን ወተርሉ ጣቢያ ከባቡር ሲወርዱ ከተቀበሏቸው ሰዎች አንዷ ሚስ ሲልቪያ ነበሩ። ልጃቸው በኋላ እንደ ተናገሩት፣ ሲልቪያ ለንጉሠ ነገሥቱ የምደግፍዎ ንጉሥ ስለ ሆኑ ሳይሆን ጉዳይዎ እውነት ስለ ሆነ ነው ብለዋቸው፣ ንጉሠ ነገሥቱም ይህንኑ እንደሚያውቁ መልሰውላቸዋል። ንጉሥ ለማይወድ ሰው ይህ ትንሽ ቃል አይደለም። የቀድሞ የሶሻሊስት ወዳጆቻቸው ግን ቃሉን አልተቀበሉላቸውም፤ ከዘውድ ጋር ቆመች ብለው ብዙዎቹ ራቋቸው።

ጋዜጣው ስለ መርዝ ጋዝ፣ ስለ ቀይ መስቀል ድንኳኖች መደብደብ፣ ስለ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት ጻፈ። የካቲት 12ን በዓይኑ ያየው የሃንጋሪ ሐኪም ዶክተር ላዲስላስ ሳቫ ምስክርነቱን የሰጠው በዚሁ ጋዜጣ ላይ ነው። ከጋዜጣውም በአማርኛ የተዘጋጀ ክፍል እየታተመ በስውር ወደ ኢትዮጵያ ይገባ ነበር። በምዕራብ አፍሪቃና በካሪቢያን ደሴቶች የሚኖሩ ጥቁሮች ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያነቡት ነበር፤ የሳምንቱ ኅትመት በበረታበት ጊዜ እስከ 40,000 እንደ ደረሰ ይነገራል።

የጋዜጣው ዋና ቃል አንድ ብቻ ነበረ፤ ጦርነቱ አላለቀም የሚል። ይህንም ቃል እውነት ያደረጉት በአገር ውስጥ የነበሩት አርበኞች ናቸው። በምዕራብ ሸዋ፣ በጅባትና ሜጫ፣ ጃገማ ኬሎ የተባለ የጊንጪ አገር ልጅ ገና በ15 ዓመቱ ጫካ ገብቶ አምስቱን ዓመት ሙሉ ተዋጋ፤ በኋላ ሌተና ጄኔራል ለመሆን የበቃው እርሱ ነው። ጠላት ወደ አምቦና ወደ ነቀምት የሚወስደውን መንገድ ይዞ አገሩን ያዝሁ ይል ነበር። ነገር ግን ከጊንጪ ወደ ሰሜን ተጉዞ ካቺሲ የደረሰና ከዚያ ቁልቁል ወደ ዓባይ ሸለቆ የተመለከተ ሰው፣ እንዲህ ያለ አገር አውራ ጎዳና በመያዝ ብቻ እንደማይያዝ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። በሎንዶን ያሉ ሚኒስትሮች ይህን ለመረዳት አልፈለጉም። በዉድፎርድ ያለችው ሴት ግን ካቺሲንም ጅባትንም ሳታይ አምና ጻፈች።

ከጅቡቲና ከሌላም ስፍራ የሚላክላቸው ወሬ ሁሉ የተጣራ እንዳልነበረ መሸሸግ አይገባም። አንዳንዱ ድል የተጋነነ፣ አንዳንዱም ፈጽሞ ያልሆነ ነበር፤ አዘጋጇም ተስፋቸው ስለ በረታ ብዙውን ሳይመረምሩ አትመውታል። ሆኖም በዋናው ነገር የተሳሳቱት ሚኒስትሮቹ እንጂ እርሳቸው አይደሉም። በኖቬምበር 1938 የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነው ብሎ ዐወቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሲልቪያ ጋዜጣ የሚሟገተው ከሙሶሊኒ ጋር ብቻ ሳይሆን ከገዛ አገሩ መንግሥት ጋርም ሆነ። ጀርመኖች እንግሊዝን ብንይዝ እናስራቸዋለን ብለው በ1940 ባዘጋጁት የስም ዝርዝር ውስጥ ደግሞ የሲልቪያ ስም ተገኝቷል።

ድሉ ከሆነ በኋላ ሰው ጋዜጣው ሥራውን ፈጸመ ብሎ ሊያስብ ይችላል። በአዲስ አበባም በ1933 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» የተባለ ጋዜጣ ተቋቁሞ ነበር፤ ስሙ ከሎንዶኑ ጋዜጣ ስም ጋር መግጠሙ ይደንቃል። ሲልቪያ ግን አላረፉም። ነጻ አወጣናችሁ ያሉት እንግሊዛውያን ኢትዮጵያን እንደ ተያዘ የጠላት አገር ሊያስተዳድሩ መፈለጋቸውን፣ ኦጋዴንንም አንለቅም ማለታቸውን ሳምንት በሳምንት ጻፉ። ኤርትራም ከኢትዮጵያ ጋር እንድትዋሐድ ተሟገቱ፤ የኋላው ዘመን ስለዚህ ነገር ብዙ ደም ያፈሰሰ ክርክር አይቷል። የእንግሊዝ የጸጥታ መሥሪያ ቤት ስለ እርሳቸው በያዘው መዝገብ ውስጥ፣ በ1948 ይህችን አስቸጋሪ ሴት አፏን ለማስያዝ ምን ዘዴ ይሻላል የሚል ምክር ተጽፎ ተገኝቷል። በወጣትነታቸው አፋቸውን በብረት የከፈተው መንግሥት በሽምግልናቸው ሊዘጋው ፈለገ።

እስከ 1944 ድረስ ሚስ ሲልቪያ ኢትዮጵያን በዓይናቸው አላዩም ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ስለማያውቁት ተራራና ስለማያውቁት ሕዝብ በየሳምንቱ ጽፈዋል ማለት ነው። በዚያ ዓመት መጡ፤ በ1951ም ተመለሱ። ልዕልት ፀሐይ በሎንዶን የሕሙማን አስታማሚነት ሙያ ተምረው ተመልሰው ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ስለ ሞቱ፣ በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ ሲልቪያ በእንግሊዝ አገር ገንዘብ ሲሰበስቡ ኖረዋል፤ ሆስፒታሉም ተሠርቶ ሥራውን ጀመረ። በ1955 ስለ ኢትዮጵያ የባህል ታሪክ ከ700 ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ አሳተሙ።

ኮሪዮ በጃንዩዌሪ 1954 ሞተ። ሲልቪያ በሐምሌ 1948 ዓ.ም. የ20 ዓመቱን ጋዜጣ ዘግተው፣ የዉድፎርዱን ቤት ትተው፣ ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር በንጉሠ ነገሥቱ ግብዣ አዲስ አበባ ገቡ። የ74 ዓመት ባልቴት ነበሩ። በዚህ ዕድሜ ሌላ ሰው ማረፊያ ይፈልጋል፤ እርሳቸው ግን ዓመቱ ሳይሞላ «ኢትዮፕያ ኦብዘርቨር» የተባለ ወርኃዊ መጽሔት ጀመሩ። ስለ ትምህርት ቤቶች፣ ስለ ሆስፒታሎች፣ ስለ ሴቶች ኑሮ፣ ስለ ጥንት ታሪክ እየዞሩ ይጽፉ ነበር። በሎንዶን መንግሥትን ያንቀጠቀጠው ብዕር በአዲስ አበባ ስለ መንግሥት ጉድለት እምብዛም አለመጻፉን አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች ነቅፈዋል፤ ነቀፌታውም መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። እንግድነትና ውለታ የብዕርን ስለት ሳያዶለዱሙት አይቀሩም።

የመስቀል በዓል በዋለበት ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ አረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በታላቅ ክብር ተሸኝተው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፊት ለፊት ለአርበኞች በተለየው ስፍራ ተቀበሩ። አባታቸው ሃይማኖት ያልያዙ ሰው ስለ ነበሩ ሲልቪያ ያደጉት ከቤተ ክርስቲያን ርቀው ነው፤ የክርስትና ስምም አልነበራቸውም። ስለዚህ በጸሎተ ፍትሐት የሚጠሩበት ስም ስላስፈለገ ወለተ ክርስቶስ ተባሉ። እናታቸው ስሜን እንዳትጠቀም ያሏቸው ሴት ሌላ ስም የተሰጣቸው በዚህ ደብር ነው።

መጽሔቱን ልጃቸው ሪቻርድና ምራታቸው ሪታ ተቀብለው ቀጠሉበት። ሪቻርድ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነው ዕድሜያቸውን በኢትዮጵያ ታሪክ ላይ ፈጸሙ፤ በየካቲት 2009 ዓ.ም. ሲያርፉም በዚያው በሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።